ብልት አለመቆም በወጣትነት፦ ስለ መንስኤዎቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ጉዳይ ደፍሮ የሚጠይቅ ወጣት ብዙውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ይሰማል። አንዱ «ገና ልጅ ነህ፣ ምንም የለብህም፣ ሐሳብ ነው» የሚል ነው። ሌላው «ይህን ክኒን ሞክር» የሚል ነው። ሁለቱም ሰውየው ሳይጠየቅና ሳይመረመር የሚሰጡ መልሶች ናቸው። ከዚህ በታች የተጻፈው በዋናነት ስለ መንስኤው ነው፤ መንስኤው ሳይታወቅ የሚጀመር ሕክምና ገንዘብም ጊዜም ያባክናል፣ አንዳንዴም ሌላ ከባድ በሽታ እንዲደበቅ ያደርጋል።

ስንፈተ ወሲብ የሚባለው መቼ ነው?

ብልት ለግንኙነት በሚበቃ ጥንካሬ መቆም ሲያቅተው፣ ወይም ከቆመ በኋላ ግንኙነቱ ሳያልቅ ሲረግብና ይህም ሲደጋገም ነው። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ለሦስት ወር የዘለቀ መሆኑን ይጠይቃሉ። አንድ ሁለት ጊዜ አለመሳካት በጤነኛ ወንድ ላይ ሁሉ የሚደርስ ነው፤ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መጠጥ ወይም ቀን ላይ የተፈጠረ ጭቅጭቅ ይበቃዋል። አንድ ጊዜ ከረጩ በኋላ ወዲያው መድገም አለመቻልም በሽታ አይደለም። ሰውነት ማረፊያ ይፈልጋል፤ የማረፊያው ርዝመት ከሰው ሰው ይለያያል።

ከዚህ ችግር ጋር የሚምታቱ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ቶሎ መርጨት፣ የወሲብ ፍላጎት መቀነስና መካንነት። ብልቱ ያለ ምንም ችግር የሚቆም ሰው መካን ሊሆን ይችላል፤ ብልቱ የማይቆም ሰው ደግሞ የዘር ፍሬው ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ፊት ስትቀርብ «ፍላጎቱ አለኝ፤ አይቆምም» ወይም «ይቆማል፤ ግን ፍላጎቱ ጠፍቷል» ብለህ ለይተህ ብትናገር ምርመራው ከመጀመሪያው ትክክለኛውን አቅጣጫ ይይዛል። አንዳንዴ ሁለቱ ይደራረባሉ፤ ይረግብብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ይቸኩላል፣ ስለቸኮለም ቶሎ ይረጫል።

ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነኝ። ይህ የሽማግሌዎች ችግር አይደለም ወይ?

ዕድሜ ሲገፋ ችግሩ እየበዛ መሄዱ እውነት ነው፤ ወጣቱን ግን አይምርም። በ2013 ከጣሊያኗ ሚላን የወጣ አንድ ጥናት በዚህ ችግር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክሊኒክ የመጡ 439 ወንዶችን ተመልክቶ ነበር። ከአራቱ የአንዱ ዕድሜ 40 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ ወጣቶች ግማሽ ያህሉ ችግራቸው ከባድ ከሚባለው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ቁጥሩ ክሊኒክ የመጡትን እንጂ ወንዱን ሁሉ አይወክልም፤ ይሁንና «እንዲህ የሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ለሚያስብ ወጣት ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ብልት የሚቆመው እንዴት ነው?

ይህን ማወቅ የቀሩትን መልሶች ሁሉ ስለሚያቀል ትንሽ ልዘርዝረው። በብልት ውስጥ ጎን ለጎን የተዘረጉ፣ ስፖንጅ የሚመስሉ ሁለት አካላት አሉ። ግድግዳቸው በለስላሳ ጡንቻ የተሠራ ነው። ይህ ጡንቻ በአዘቦቱ ጊዜ እንደተኮማተረ ስለሚቆይ ወደ ውስጥ የሚገባው ደም ጥቂት ነው። ስሜት ሲነሳ ከአእምሮ የተነሳው መልእክት በህብለ ሰረሰር ወርዶ፣ በዳሌ ውስጥ ባሉ ነርቮች አልፎ ብልት ይደርሳል። ያኔ ከነርቮቹ ጫፍና ከደም ሥሮቹ የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር ይመነጫል። እሱም ጡንቻውን ያፍታታል፣ የደም ሥሮቹን ያሰፋል። ደም ይሞላል። ዙሪያውን ያለው ሽፋን ጠንካራ ስለሆነ፣ ደሙን የሚመልሱት ሥሮች በመካከል ተጨፍልቀው ይዘጋሉ፤ ብልትም ጠንክሮ ይቆያል።

ናይትሪክ ኦክሳይድ በደም ሥሮች ውስጥ መልእክት አስተላላፊ መሆኑን በማግኘታቸው ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች፣ ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ፣ በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቪያግራ በሚል ስም የሚታወቀው ሲልዴናፊል በአሜሪካ የተፈቀደውም በዚያው ዓመት ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድ የጀመረውን ሥራ የሚያቋርጠውን ኢንዛይም በመግታት ነው።

እንግዲህ አእምሮ፣ ነርቭ፣ የደም ሥር፣ ሆርሞንና ጡንቻ በአንድ ላይ መሥራት አለባቸው። አንዱ ሲጓደል የሚታየው ውጤት አንድ ዓይነት ነው፤ መንስኤው ግን ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል።

«ሐሳብ ነው» ተብያለሁ። እውነት ከአእምሮ ነው ወይስ ከአካል?

ሁለቱን እንዲህ ለያይቶ ማየት ብዙ ወጣቶችን ጎድቷል። ሰው ሲፈራ ወይም ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊን ይለቃል። አድሬናሊን ልብን ያፈጥናል፣ ደምን ወደ እግርና ክንድ ጡንቻዎች ይልካል፣ የብልትን ለስላሳ ጡንቻ ደግሞ ያኮማትራል። በፍርሃት መካከል ብልት የማይቆመው ለዚህ ነው። መነሻው ሐሳብ ቢሆንም ውጤቱ ሥጋና ደም ላይ ያረፈ ነው፤ «በርታ» ወይም «አታስብ» ስለተባለም አይለቅም። ስለዚህ «ሐሳብ ነው» ማለት «የለብህም» ማለት ሊሆን አይገባም።

ሌላኛውም ወገን አለ። ስኳር በሽታ ነርቩን የጎዳበት ወጣት አንድ ሁለት ጊዜ ሲያቅተው መጨነቅ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ጭንቀቱ በበሽታው ላይ ይደረባል። ከቆየ ችግር ጋር የሚመጡ ብዙ ወንዶች ሁለቱንም ይዘው ነው የሚመጡት። በጥሩ ሐኪም ዘንድ የሚነሳው ጥያቄ የትኛው ቀደመ፣ አሁንስ የትኛው አይሏል የሚል ነው።

ጠዋት ስነቃ ይቆማል፤ ከሚስቴ ጋር ስሆን ግን እምቢ ይላል። ይህ ምን ይነግረኛል?

ብዙ ይነግርሃል። ጤነኛ ወንድ ተኝቶ ሳለ፣ በተለይ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል፣ በአንድ ሌሊት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ብልቱ ይቆማል። ጠዋት የምታየው የመጨረሻው ነው። ይህ በደንብ ካለ፣ ብቻህን ስትሆንም የሚቆም ከሆነ፣ የደም ሥሮችህና ነርቮችህ ሥራቸውን እየሠሩ ነው ማለት ነው። ችግሩ በድንገት የጀመረ፣ ከአንድ ሰው ጋር ወይም በአንድ ዓይነት ሁኔታ ብቻ የሚከሰት ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ጭንቀት ወይም ወደ ግንኙነታችሁ ሁኔታ ያዘነብላል።

ጠዋት ጠዋት መቆሙ ከወራት ወዲህ እየደከመ የመጣ፣ በየትኛውም ሁኔታ የማይጠነክር፣ ቀስ በቀስ የተባባሰ ከሆነ ግን ምርመራው ወደ ደም ሥር፣ ወደ ስኳር፣ ወደ ሆርሞንና ወደ ነርቭ መሄድ አለበት።

ይህን መለያ እንደ ጠቋሚ እንጂ እንደ ፍርድ አትውሰደው። ድብርትና የተረበሸ እንቅልፍ የሌሊቱንም መቆም ይቀንሳሉ። አንዳንዱ ደግሞ የሚነቃበት ሰዓት ስላልገጠመ ብቻ ሳያየው ይቀራል።

አንድ ቀን ሳይሳካልኝ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

በወጣቶች ላይ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ በደንብ እንመልከተው። የመጀመሪያው ቀን ምክንያት ቀላል ነበር፦ ደክሞህ ነበር፣ ጠጥተህ ነበር፣ ከአዲስ ሰው ጋር ነበርክ። በሁለተኛው ቀን ግን ወደ አልጋ የምትሄደው «ዛሬስ?» እያልክ ነው። ግንኙነቱ ውስጥ ከመሆን ይልቅ ራስህን እንደ ተመልካች ከውጭ ታያለህ፤ ቆመ፣ ረገበ፣ እያልክ ትቆጣጠራለህ። ያ መቆጣጠር ስሜቱን ያጠፋዋል፣ አድሬናሊኑን ይጠራዋል፣ ብልቱም ይረግባል። ሦስተኛው ቀን የሚመጣው በሁለቱ ማስረጃ ነው። ከዚያ ማምለጥ ይጀመራል፦ ሥራ በዛብኝ፣ አሞኛል፣ እንቅልፌ መጣ።

ይህን የሚቀሰቅሱ ሁኔታዎች ይታወቃሉ። የትዳር የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች፣ አዲስ ፍቅር፣ ስለ ብልት መጠን ያለ ስጋት፣ በልጅነት የደረሰ ወሲባዊ ጥቃት፣ ወሲብ ኃጢአት ነው ከሚል ስሜት ጋር ያደገ ሕሊና፣ በሁለቱ መካከል ያልተነገረ ቂም። ልጅ ለመውለድ ሲሞከርም፣ ቀኑ ተቆጥሮ «ዛሬ የግድ ነው» ሲባል፣ ጤነኛው ሰው ይያዛል።

የተፈተነ መውጫ አለው። ማስተርስና ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1970 ያስተዋወቁት ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። ባልና ሚስቱ ተስማምተው ለተወሰነ ጊዜ ግንኙነቱን ራሱን ይከለክላሉ። በዚያ ጊዜ መተቃቀፍና መዳሰስ ብቻ ይፈቀዳል፣ መጀመሪያ ብልትና ጡት ሳይነካ፣ ቆይቶ ሁሉም ተጨምሮ። «መቆም አለበት» የሚለው ፈተና ስለሚነሳ አድሬናሊኑ ይረጋጋል። ብልቱ ቢቆምም ወደ ግንኙነት አይኬድም፤ ቢረግብም ማንም አይደነግጥም፣ ተመልሶ እንደሚመጣ ሁለቱም ያያሉና። ይህን በሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም በወሲብ ጤና ባለሙያ እየተመሩ ቢያደርጉት ይሻላል። ያላገባ ወይም አጋር የሌለው ሰውም ከባለሙያ ጋር በሚደረግ የንግግር ሕክምና ብዙ ይጠቀማል።

ድብርትስ?

በሁለት አቅጣጫ ይሠራል። ድብርት ፍላጎትንም መቆምንም ይቀንሳል፤ ብልት አለመቆም ደግሞ ድብርትን ያመጣል ወይም ያባብሳል። ችግሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች ራሳቸው ወሲብን መንካታቸው ነው። ነገሩ ከብዶህ መኖር እስከመጥላት ካደረሰህ፣ የብልቱን ጉዳይ አቆየውና ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ተናገር፣ ሐኪም ዘንድም ሂድ።

በወጣትነት ይህን የሚያመጡት የትኞቹ በሽታዎች ናቸው?

ስኳር በሽታ ከሁሉ ይቀድማል። የመጀመሪያው ዓይነት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ስለሆነ፣ በሠላሳ ዓመቱ ከበሽታው ጋር አሥራ አምስት ዓመት የኖረ ሰው አለ። ከፍ ያለ ስኳር ነርቮቹንም የደም ሥሮቹን የውስጥ ሽፋንም ይጎዳል፤ ማለትም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚወጣበትን ቦታ ሁለቱንም ይመታል። ሁለተኛው ዓይነት ስኳርም ከውፍረት ጋር ወደ ወጣቱ እየወረደ መጥቷል። ብልት አለመቆሙ የስኳሩ የመጀመሪያ ምልክት የሆነባቸው ሰዎች አሉ። ውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት መሽናትና ያለ ምክንያት መክሳት ከታከለበት አትዘግይ።

የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮል መብዛትና ውፍረት የደም ሥርን ይጎዳሉ። ውፍረት በተጨማሪ ዋናውን የወንዴ ሆርሞን፣ ቴስቶስተሮንን፣ ይቀንሳል። ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ የሚቋረጥና ክፉኛ የሚያንኮራፋ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ስለሚያጥረው ችግሩ ሊያገኘው ይችላል። ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታና የታይሮይድ ዕጢ መዛባትም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ከነርቭ በኩል መልቲፕል ስክለሮሲስ (የሰውነት መከላከያ የነርቮችን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ) እና የህብለ ሰረሰር ጉዳት ይጠቀሳሉ።

ወጣቶችን ለይቶ የሚያጠቃው አደጋ ነው። የመኪና ወይም የሞተር ሳይክል አደጋ ደርሶበት የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ፣ ወይም ወድቆ በሁለት እግሮቹ መካከል ክፉኛ የተመታ ሰው ወደ ብልት የሚሄደው የደም ሥር ሊበጠስ ወይም ሊጠብ ይችላል። አደጋው ከተረሳ ዓመታት ያለፉ ቢሆንም ለሐኪሙ ንገረው። ብልት ሲቆም አዲስ መጣመም ከታየ፣ ሕመም ካለ፣ በውስጡ ጠጣር ነገር የሚዳሰስ ከሆነም ይህ ፔሮኒ የሚባል ራሱን የቻለ በሽታ ሊሆን ይችላል። በሽታው ዕድሜያቸው ገፋ ባሉት ላይ ቢበዛም ወጣትንም ይይዛል።

ከልብ በሽታ ጋር ምን አገናኘው?

የደም ሥር ስፋት። ወደ ብልት የሚገባው ደም ወሳጅ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ልብን የሚመግበው ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ይሆናል። የደም ሥርን የሚያጠብበው በሽታ መላ ሰውነትን የሚነካ በመሆኑ ጉዳቱ ቀድሞ የሚታወቀው በጠባቡ በኩል ነው። በልብ ሕመምተኞች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ብልት አለመቆሙ የልቡ ምልክት ከመታየቱ ሁለትና ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቀድሞ ታይቷል።

እያንዳንዱ ወጣት የልብ ሕመምተኛ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የሚያጨስ፣ የወፈረ፣ ግፊት ያለበት፣ ወይም አባቱ ወይም ወንድሙ በወጣትነቱ በልብ ሕመም የተያዘ ሰው ይህን ምልክት በክኒን ሸፍኖ ቢያልፈው፣ ሰውነቱ ገና በጊዜ የሰጠውን ማስጠንቀቂያ ይጥላል። ግፊትን መለካትና ስኳርና ኮሌስትሮልን መመርመር ቀላል ነገር ነው።

ቴስቶስተሮኔ አንሶ ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ በወጣቶች ላይ ግን ከሚገመተው ያነሰ ነው። የቴስቶስተሮን እጥረት ከመቆም በፊት የሚነካው ፍላጎትን ነው። ፍላጎት መጥፋት፣ የማይለቅ ድካም፣ የጡንቻ መሟሸሽ፣ የጢምና የሰውነት ጠጉር መሳሳት አብረው ካሉ ይጠረጠራል። ሆርሞኑ በቀኑ ውስጥ ከፍ ዝቅ ስለሚል ደሙ የሚሰጠው በጠዋት ነው። ብዙ ሐኪሞች የሚከተሉት የአሜሪካ የዩሮሎጂ (የሽንትና የወንድ መራቢያ አካላት ሕክምና) ማኅበር መመሪያ በሁለት የተለያዩ ጠዋቶች ተለክቶ ሁለቱም ጊዜ ከ300 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆንና ምልክቶቹም ሲኖሩ ነው እጥረት የሚለው። በአንድ ከሰዓት በኋላ በተወሰደ ደም ብቻ መርፌ መጀመር ትክክል አይደለም።

ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን መብዛትም ፍላጎትንና መቆምን ያዳክማል። መንስኤው መድኃኒት ወይም በአእምሮ ሥር ባለችው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ የበቀለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ እባጭ ሊሆን ይችላል። ራስ ምታትና የዕይታ መጥበብ ካለህ አንሳው።

ጡንቻ ለማሳደግ መርፌ ወስጃለሁ። ያ ሊሆን ይችላል?

አዎ፣ ወንድሜ፣ ይችላል፤ ለሐኪሙም ሳትደብቅ ንገረው። ሰውነት ከውጭ ቴስቶስተሮን ወይም ተመሳሳዩ ስቴሮይድ ሲገባለት የራሱን ማምረት ያቆማል። የዘር ፍሬዎች ይሟሽሻሉ፤ የዘር ፈሳሹ ውስጥ ያለው ዘር ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። መርፌው ላይ ሳለ ሁሉ ደህና የመሰለው ሰው ካቆመ በኋላ ነው ብርታቱ የሚከዳው። ብዙዎቹ ይመለሳሉ፤ ግን ወራት፣ አንዳንዱ ላይ ከዓመት በላይ ይፈጃል። በዚህ መካከል ድካሙን ለማምለጥ እንደገና መርፌ መጀመር ነገሩን ያራዝመዋል። ልጅ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቴስቶስተሮን ለስንፈተ ወሲብ ሕክምና ብሎ እንዳይወስድ፤ መራቢያውን የሚዘጋ መድኃኒት ነው።

የምወስደው መድኃኒት ይሆን?

ለድብርትና ለጭንቀት የሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊንና ፓሮክሰቲን ያሉት በዚህ ይታወቃሉ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሪስፔሪዶን ፕሮላክቲንን ከፍ ያደርጋል። ከግፊት መድኃኒቶች መካከል የሽንት መጨመሪያዎቹና ቤታ ብሎከር ከሚባሉት፣ የልብ ምትን ከሚያዘገዩት፣ የቆዩት ዓይነቶች ይጠረጠራሉ። ለፀጉር መሳሳት የሚወሰደው ፊናስተራይድ በጥቂት ወንዶች ላይ ይህን ያመጣል። እንደ ትራማዶልና ሞርፊን ያሉ ከኦፒዮይድ ወገን የሆኑ ሕመም ማስታገሻዎች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ቴስቶስተሮንን ይቀንሳሉ።

ችግሩ መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ በኋላ ከመጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በራስህ ግን አታቋርጥ። የድብርት ወይም የግፊት መድኃኒት በድንገት ማቆም የሚያመጣው አደጋ ከዚህ ይብሳል፤ መጠኑን መቀነስ ወይም በሌላ መለወጥ የሐኪሙ ሥራ ነው።

ሲጋራ፣ አልኮልና ካናቢስስ?

ሲጋራ የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን በቀጥታ ይጎዳል፤ ብዛቱና ዓመቱ ሲጨምር ጉዳቱም ይጨምራል። ጥሩው ዜና ወጣት ሆኖ ያቆመ ሰው የመሻሻል ዕድሉ ሰፊ መሆኑ ነው። ትንሽ አልኮል ዓይናፋርነትን ያላላል፤ ሲበዛ ነርቭን ያደነዝዛል፣ ሲዘወተር ደግሞ ጉበትን፣ ነርቭንና የወንዴ ሆርሞንን ይጎዳል። «ፍርሃቱን ለማስወገድ ጠጣሁ፣ ስጠጣ ደግሞ ባሰብኝ» የሚሉ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ካናቢስን አዘውትሮ መጠቀምና እንደ ኮኬይን ያሉ አነቃቂዎችም ከችግሩ ጋር ተያይዘው ይታያሉ።

ግለ ወሲብ ወይም የወሲብ ፊልም አበላሽቶኝ ይሆን?

ግለ ወሲብ ብልትን አያደክምም፣ ነርቭ አይጎዳም፣ «ዘር አያስጨርስም»። ይህን ፍርሃት ይዘው ለዓመታት ራሳቸውን የሚወቅሱ ወጣቶች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከድርጊቱ ይልቅ ወቀሳው ነው የጎዳቸው። ልብ ሊባል የሚገባው በጣም አጥብቆ በመጨበጥ ወይም በአንድ ዓይነት መንገድ ብቻ መልመድ ነው፤ ከሰው ጋር በሚደረግ ግንኙነት ያ ዓይነት ግፊት ስለማይገኝ ስሜቱ ሊጎድል ይችላል። መንገዱን በመቀየር ይስተካከላል።

በወሲብ ፊልም ላይ ተመራማሪዎች አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ብዙ የሚያዩ ሰዎች ከእውነተኛ ሰው ጋር ሲሆኑ እንደሚቸገሩ ይናገራሉ፤ ሌሎች ጥናቶች ደግሞ በሚታየው መጠንና በመቆም ችግር መካከል ግልጽ ግንኙነት አላገኙም። እኔ የማምንበት መለኪያ ተግባራዊ ነው፦ በፊልሙ ብቻ የሚቆም፣ ካለፊልሙ የማይቆም ከሆነ፣ ወይም መተው አቅቶህ ሕይወትህን ከያዘው፣ ለጥቂት ሳምንታት አቁመህ ለውጡን ተመልከት። የሚነሳሳህ ስሜት ከተለወጠ መልሱን አገኘህ፤ ካልተለወጠ ሌሎቹን መንስኤዎች ፈትሽ።

ኮንዶም ላደርግ ስል ይረግባል።

ብዙ ወጣቶችን ያጋጥማል። መቋረጡ፣ ጥድፊያውና የሚጠብብ መጠን ምክንያት ይሆናሉ። ልክህን መምረጥ፣ ብቻህን ሆነህ አስቀድመህ መለማመድና ማድረጉን የመዳሰሱ ክፍል ማድረግ ይረዳል። ኮንዶሙን መተው መፍትሔ አይደለም።

ብስክሌት መንዳትስ?

በጠባብ ኮርቻ ላይ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ በፊንጢጣና በብልት መካከል ያለውን ነርቭና የደም ሥር ይጫናል። መደንዘዝ ከተሰማህ ምልክቱ እሱ ነው፤ ኮርቻውን ቀይር፣ ከፍታውን አስተካክል፣ በየመሃሉ ተነስ። በመጠኑ የሚነዳን ሰው የሚያስፈራ ነገር የለም።

ሐኪም ዘንድ ብሄድ ምን ይደረግልኛል?

አብዛኛው ሥራ ንግግር ነው። መቼ እንደጀመረ፣ ጠዋት እንዴት እንደሆነ፣ ፍላጎትህ፣ እንቅልፍህ፣ ግንኙነታችሁ፣ መድኃኒቶችህ፣ ሱሶችህ ይጠየቃሉ። ግፊት ይለካል፣ ብልትና የዘር ፍሬ ይታያሉ። ደም የሚመረመረው ለስኳር፣ ለኮሌስትሮልና ለጠዋት ቴስቶስተሮን ነው፤ እንደ ሁኔታው ፕሮላክቲንና ታይሮይድ ይጨመራሉ። አደጋ የደረሰበት ወይም ክኒን ያልሠራለት ወጣት በአልትራሳውንድ የብልቱ የደም ፍሰት ሊታይለት ይችላል። ዩሮሎጂስት ካላገኘህ በጠቅላላ ሐኪም መጀመር ይቻላል። ለመናገር ካፈርክ በወረቀት ጽፈህ አቀብለው፤ በየቀኑ የሚሰማው ጉዳይ ነው።

ክኒን ገዝቼ ብውጥስ?

ሲልዴናፊልና ታዳላፊል ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለወጣትም ይታዘዛሉ። ጭንቀት ላይ ለወደቀ ሰው ለአጭር ጊዜ ተሰጥተው በራስ መተማመኑን የሚመልሱበት ጊዜ አለ። ያለ ምርመራ መውሰድ ግን ሁለት ነገር ያበላሻል። መጀመሪያ፣ ስኳሩ ወይም ግፊቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ቀጥሎም ጤነኛው ወጣት «ያለ ክኒን አልችልም» ወደሚል አዲስ ፍርሃት ይገባል።

ለደረት ሕመም ናይትሮግሊሰሪን ወይም ሌላ ናይትሬት የሚወስድ ሰው እነዚህን ክኒኖች ፈጽሞ መውሰድ የለበትም፤ ግፊቱ ለሞት በሚያሰጋ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። «ተፈጥሯዊ» ወይም «ከዕፅዋት የተሠራ» ተብለው በሚሸጡ ማበርቻዎች ውስጥ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልተጻፈ ሲልዴናፊል ወይም ታዳላፊል ተቀላቅሎ በተደጋጋሚ አግኝቷል፤ መጠኑ ስለማይታወቅ አደጋው የከፋ ነው።

ታዞልህ ወስደህ «አልሠራልኝም» ካልክ አወሳሰዱን ፈትሽ። ሲልዴናፊል ከግንኙነት አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ይወሰዳል፤ ቅባት የበዛበት ምግብ ሥራውን ያዘገየዋል። የታዳላፊል ውጤት እስከ 36 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሁለቱም ስሜት ሳይኖር ብቻቸውን ብልት አያቆሙም።

ያለ መድኃኒት ሊሻሻል ይችላል?

ብዙ ጊዜ አዎ። ሰውነትን ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት አራት ጊዜ ለ40 ደቂቃ ያህል ለስድስት ወር ሲደረግ፣ በተለይ እንቅስቃሴ በማነስ፣ በውፍረትና በግፊት ለመጣ ችግር እንደሚረዳ ታይቷል። በ2004 ከጣሊያን የወጣ ጥናት ስኳርም ግፊትም የሌለባቸውን ወፍራም ወንዶች ለሁለት ዓመት አመጋገብና እንቅስቃሴ አስተካክሎላቸው ከሦስቱ አንዱ ያህል መደበኛ አቅሙን መልሶ አግኝቷል። ሽንት ለማቋረጥ የምትጠቀምባቸውን የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ማጠንከርም ደሙን በብልት ውስጥ ለመያዝ ይረዳል፤ በፊዚዮቴራፒስት ታግዞ ለሦስት ወር ያህል መሠራት አለበት። እንቅልፍን አስተካክል። ለውጡን በሳምንት አትጠብቀው።

በአስቸኳይ ሆስፒታል መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

የቆመ ብልት ከ4 ሰዓት በላይ ካልረገበ፣ ክኒን ወሰድክም አልወሰድክ። በውስጡ ያለው ደም ኦክስጅን አጥቶ ሥጋውን ይጎዳል፤ በወጣትነት ለቋሚ ስንፈት ከሚዳርጉት አንዱ በዚህ መዘግየት ነው። የሲክል ሴል (የቀይ ደም ሴሎች ቅርፅ የሚዛባበት፣ በዘር የሚወረስ በሽታ) ሕመምተኞች ይበልጥ ይጋለጣሉ። በግንኙነት መካከል ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰምቶ ብልቱ ወዲያው ከረገበ፣ ካበጠና ከጠቆረም የሽፋኑ መቀደድ ነው፤ በቶሎ በቀዶ ሕክምና ከተሰፋ ይድናል። ከወገብ ሕመም ጋር የመቀመጫና የብልት አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልወጣ ካለ የነርቭ ድንገተኛ ነው፤ አታሳድር።

ሚስቱ ነኝ። ስላልሳብኩት ይሆን?

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ብዙዎች በልባቸው ይዘውት ይኖራሉ። ከላይ እንዳየሽው መንስኤው ከደም ሥር እስከ ፍርሃት ድረስ ነው፤ የሚወዳትንና የሚፈልጋትን ሚስት አቅፎ ብልቱ የማይቆምለት ወንድ ሞልቷል። እንዲያውም በጣም ስለሚፈልግሽና እንዳያሳፍርሽ ስለሚሰጋ የሚብስበት ጊዜ አለ። ሲርቅሽ ከአንቺ የሸሸ ይመስላል፤ የሚሸሸው ግን ፈተናውን ነው።

በአልጋ ላይ፣ ልክ በሆነበት ሰዓት፣ አትጠይቂው። ቀን ላይ፣ ሁለታችሁ ተረጋግታችሁ ሳላችሁ አንሺው፤ «ምን ሆነህ ነው?» ከማለት «አብረን ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ማለት ይቀላል። ከሌሎች ወንዶች ጋር አታወዳድሪው፣ ለዘመድም አትንገሪበት። ቀጠሮው ላይ አብረሽው ብትገቢ ሐኪሙ ደስ ይለዋል፤ እሱ የረሳውን ወይም ያፈረበትን ነገር ብዙውን ጊዜ የምትናገረው ሚስት ነች፤ ሌሊት እንደሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ እንደሚቋረጥ፣ ከስንት ጊዜ ወዲህ ፊቱ እንደጠቆረ።